ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ

ባሕር ዳር፣ ቱሪስት በጀልባ ወደ ዘጌ የሚወስድ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር የምሠራው። ድረ ገጹ የእኔ ኃላፊነት ነው። አለቃችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት የሚፈልጉ ሰዎች ስንት እንደሆኑና የሚመጡበትን ቀን እዚያው ድረ ገጹ ላይ ሞልተው ቢልኩልንስ?» አሉኝ። ቀላል ነው አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

እስከዚያ ቀን የማውቀው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ ብቻ ነው። ፒኤችፒ ደግሞ ሰው ያሞላቅቃል። ፋይሉን ድረ ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ ላይ መጫን ነው፣ በቃ ይሠራል። ያን ሰሞን ግን ፓይተን የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ጀምሬ ስለነበር ልታይ ልታይ አለኝ። ሰው የሞላውን ተቀብሎ በኢሜይል የሚልከውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱን፣ በዊንዶውስ ላፕቶፔ ጻፍኩ። ሰርቨሩ ላይ ስክሪፕት የሚቀመጥበት፣ ሲጂአይ ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ጫንኩትና ከፈትኩት። 500፣ ኢንተርናል ሰርቨር ኤረር።

500 የሆነ ነገር ተበላሽቷል ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። አንዱ የፋይሉን ፈቃድ 777 አድርገው ይላል። ማንም ያንብበው፣ ማንም ይጻፍበት፣ ማንም ያስኪደው እንደ ማለት ነው። አደረግኩት። 500። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ እሱ እንኳን እረፍት ሆነልኝ።

በማግስቱ ሰርቨር የሚያስተዳድር ጓደኛዬን ጣና ዳር ካፌ ጠራሁት። ላፕቶፑን ሳይነካ፣ «ሎጉን አየሽው?» አለኝ።

«የቱን ሎግ?»

ማኪያቶውን አስቀምጦ ሳቀብኝ።

ለካ ሎግ ማለት ሰርቨሩ የገጠመውን ስህተት የሚመዘግብበት ፋይል ነው፤ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። 777 ራሱ ጥፋት ነበር። ሆስቲንጉ፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያከራየን፣ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ስክሪፕት አላስኬድም ብሎ ነው እምቢ ያለው። 755 አደረግነው። ባለቤቱ ብቻ ይጽፍበታል፣ ሌላው አንብቦ ያስኬዳል እንጂ አይነካውም። አሁንም 500! ሎጉ ግን ወሬውን ቀይሯል። «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል።

ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ! «ሰርቨሩ ዕውር ነው እንዴ?» አልኩት።

«የጠፋው ያንቺ ፋይል አይደለም» አለኝ። ሰርቨሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ለሊኑክስ ፓይተን የት እንዳለ ይነግረዋል። ዊንዶውስ ደግሞ መስመር በጨረሰ ቁጥር ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል። ሊኑክስ መስመር አለቀ የሚለው ሁለተኛውን ሲያይ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከጽሕፈት መኪና ዘመን የተረፈው፣ ፓይተን ከሚለው ስም ጫፍ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሊኑክስ ጭራ ያለው ፓይተን ፈልጎ አጣ። ምን ያድርግ?

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በሚባለው መጻፊያ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል ዊንዶውስ የሚለውን ወደ ዩኒክስ ቀየርነውና መልሰን ጫንነው። ሠራ።

በባጃጅ በርሬ ቢሮ ገባሁ። ለሙከራ «አራት ሰው» ብዬ ሞልቼ ላክሁ። ወዲያው ጋሼ ኢሜይል ውስጥ ገባ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ከቀኑ 6፡14 ነው። መልእክቱ ላይ 9፡14 ተጽፏል።

«ልጄ፣ ገና ምሳ እንኳን አልበላንም። ይሄ እንዴት 9 ሰዓት ላይ ተላከ?»

የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እኛ ጋ 12፡14 ሲሆን እሱ ጋ ገና 9፡14 ነው። ይህን ለጋሼ ከማስረዳት ስክሪፕቱ ላይ 3 መቀነስ ቀለለኝ።