ቡራቡሬ የሆነውን ጠረጴዛ ቀለም እንዴት አስተካከልኩት

ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ያለው የምግብ ጠረጴዛ የዋንዛ ነው። ከላይ ካሉት ጣውላዎች አንዱ ግን ድሮ ተሰንጥቆ በፈረንጅ ጥድ ተተክቷል። በቅርቡ አንድ ሠራተኛ ፍቆ ስቴይን የሚባለውን የእንጨት ማቅለሚያ ቀባው፤ ከላይም ቫርኒሽ ደረበበት። ሲደርቅ ዥጉርጉር ሆነ። ጠርዙ ጠቆረ፣ መሐሉ ላይ ነጫጭ ቦታ ቀረ፣ የጥዱ ጣውላ ደግሞ ሰንበር በሰንበር ወጣ። አክስቴ «ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ በጨርቅ ነው የምሸፍነው» ስትለኝ ሥራውን እኔው ያዝኩት።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ጠቆር ያለ ቀለም ደርቦ ይገላገላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጠቋራው ቦታ ይብስ ይጠቁራል፣ ነጩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የዋንዛን የመሰለ ውብ እንጨት ደግሞ ጥቁር ቀለም ውስጥ መቅበር ያሳዝናል።

ስቴይን እንደ ግድግዳ ቀለም ላይ ላዩን አይቀመጥም፤ እንጨቱ ይጠጣዋል። ስለዚህ ቡራቡሬ የሚሆነው እንጨቱ እኩል ስለማይጠጣ ነው። ጥያቄው ለምን እኩል አልጠጣም የሚለው ነው። የእያንዳንዱ ቦታ ምክንያት ካልታወቀ ጥገናው ግምት ይሆናል።

ቫርኒሹንና ቀለሙን በ80 ቁጥር፣ ማለት በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁት። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ) አርሼ ጠረጴዛውን በሙሉ ጠረግኩት። ይሄን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። እንጨቱ ርሶ እስኪደርቅ ባለው ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይታያል። መጋጠሚያው አካባቢ ኮላ ፈስሶ ደርቆ ነበር። መሐሉ ላይ ደግሞ አኳራጁ ጭራሽ የማይገባባቸው ቦታዎች አየሁ። አክስቴን ስጠይቃት ነገሩ ተገለጠልኝ፤ የማርያም ማኅበር ሲወጣ ጧፍ የሚበራው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰም የገባበት እንጨት ቀለም አይቀበልም። የወጥ ዘይትም እንደዚያው ነው። ሰሙን በቢላ ጀርባ ቀስ ብዬ ፋቅኩ፤ ከዚያ ጨርቅ እየቀያየርኩ በአኳራጅ ደጋግሜ ጠረግኩ። ያንኑ ጨርቅ ደጋግሞ መጠቀም ሰሙን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው። ኮላውን ግን አኳራጅ አያነሳውም፤ የግድ መፋቅ አለበት።

የጠቆሩት ቦታዎች ምክንያት ሌላ ነው። አንዳንዱ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱ በእንጨቱ መስመር ላይ ተሻግሮ ነበር የተፈገፈገው። ጭረቱ ውስጥ ቀለም ይከማቻል፣ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ ከሻካራው 80 ወደ ለስላሳዎቹ ቁጥሮች፣ ወደ 120፣ ከዚያ 150፣ ከዚያ 180 እያልኩ ሁልጊዜ በመስመሩ ርዝመት ፈገፈግኩ። በየደረጃው መጀመሪያ ላይ ገጹን በእርሳስ ቀለል አድርጌ እሞነጫጭራለሁ፤ ሙንጭርጭሩ በሙሉ ሲጠፋ ቦታው እኩል ተፈግፍጓል ማለት ነው። የጣውላው ቁርጥ ጫፍ ከገጹ ይልቅ ብዙ ቀለም ይጠጣል። ስለዚህ እሱን እስከ 220 አለሰለስኩት።

ያስቸገረኝ የጥዱ ጣውላ ነው። እዚህ ላይ የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ አይምታቱ። ወፍ ዋሻ ጫካ የምናውቀው የሐበሻው ጥድ ቀላ ያለ፣ ሽታውም ደስ የሚል ነው፤ የፈረንጁ ገርጣ ያለ ነው። ጥድ በየዓመቱ ሲያድግ የቀለበቱ አንዱ ክፍል ለስላሳ፣ ቀጣዩ ክፍል ጠንካራ ይሆናል። ለስላሳው ቀለሙን ሲመጠው ጠንካራው ይገፋዋል። ሰንበሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ የቱንም ያህል ቢፈገፈግ አይጠፋም። መፍትሔው አስቀድሞ ጥማቱን ማብረድ ነው። አንድ እጅ የዘይት ቫርኒሽ ለሁለት እጅ አኳራጅ አቅጥኜ ጥዱንና ቁርጥ ጫፎቹን ብቻ ቀባሁ። ሲደርቅ በ220 ዳበስ ዳበስ አደረግኩት። ዋንዛውን አልነካሁትም፤ ያለዚያም ደህና ይጠጣል።

ቀለሙን መጀመሪያ የሞከርኩት ከጠረጴዛው ሥር ነው። አንድ አዛውንት አናጢ «ቀለሙን ደርቆ ስታየው አትፍረድ፤ ቫርኒሽ ሲነካው ያን ጊዜ እይ» ብለውኛል። ልክ ናቸው። የደረቀ ስቴይን ፈዞ ነው የሚታየው፤ እውነተኛ መልኩ የሚወጣው ቫርኒሽ ሲያርፍበት ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይለበልባል። በውርጭ ቀለሙ አልደርቅ ይላል። በፀሐይ ደግሞ ትርፉ ሳይወለወል ይደርቅና የብሩሹ መንገድ ይቀራል። ስለዚህ ረፋድ ላይ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቼ ሠራሁ። አንድ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀብቼ፣ ትርፉን ወልውዬ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ። መሐል ላይ ማቆም የለም።

ዋንዛው እኩል ወጣ። ጥዱ ሰንበሩ ጠፋለት፣ ግን ከጎረቤቱ ገረጣ ብሎ ቀረ። የመጀመሪያው ቫርኒሽ ሲደርቅ ጥዱ ላይ ብቻ ስስ ስቴይን አለበስኩና፣ ከዋንዛው ጋር እያስተያየሁ በደረቅ ብሩሽ አሳሳሁት። ቫርኒሹ ከሥር ስላለ ካልወደድኩት በአኳራጅ ጠርጌ እንደገና መጀመር እችላለሁ። ይሄ ትልቅ ነፃነት ነው። መልኩ ሲገጥም በደንብ እንዲደርቅ ተውኩትና ጠረጴዛውን በሙሉ በሁለት ስስ ቫርኒሽ ዘጋሁት። አሁን ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው የጥዱን ቀለበት ይለያል። ከበሩ ሲታይ ግን ጠረጴዛው አንድ ነው።

የተጠቀምኩባቸውን ጨርቆች ደጅ አንድ በአንድ ዘርግቼ ነው ያደረቅኳቸው። የዘይት ስቴይን የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ቤት ውስጥ ከምሮ ማደር አይገባም። አክስቴንም ቫርኒሹ እስኪጠነክር ትኩስ ድስትና ጀበና እንዳታሳርፍበት ነገርኳት። በብርድ ወር ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚቀር ከሆነ ገና ነው።