ከቆጣሪው ወዲያና ወዲህ

ባለፈው ቅዳሜ ተከራይተን ከምንኖርበት ግቢ በር አጠገብ፣ ቆጣሪው ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ነበር። አከራያችን የወሩን ቢል በእጃቸው ይዘው «ይህ ቆጣሪ ይሮጣል፤ እስቲ አንተ ባለሙያው እየውልኝ፣ ልጄ» ስላሉኝ፣ ተከራዮቹ ሁሉ ዕቃቸውን እንዲያጠፉ አድርገን 1000 ዋት የተጻፈበትን አንድ ምድጃ ብቻ አበራን። ቆጣሪው ፊት ላይ በኪሎ ዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ስለዚህ ምድጃው የተጻፈበትን ያህል ከሳበ በ3 ደቂቃ 80 ብልጭታ መቁጠር ነበረብኝ። የቆጠርሁት 66 ነው። እትዬ በድንጋጤ «እየቀነሰልን ነው እንዴ?» አሉ፤ እኔ ግን ቮልቴጁን ስለካው 200 ሆኖ አገኘሁት። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚስብ ምድጃ በ200 ቮልት የሚስበው 826 ዋት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ቆጣሪው የመዘገበው የተወሰደውን ያህል ነበር። እንጀራው ቶሎ አልበስል እያለ ያስቸገራቸውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ስነግራቸው፣ ከቢሉ ይልቅ ይህኛው ያናደዳቸው መሰለኝ።

ቢሉ የጨመረበት ምክንያት ሌላ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል በመወሰኑ፣ ንባቡ ካለፈው ጋር አንድ ሆኖም ክፍያው ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ላይ የእኛ ግቢ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ታሪፉ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያስከፍል፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥርም የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እያሳደገ የሚሄድ ነው። ሐሳቡ ድሃውን መደገፍ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን 50 ብንጠቀም ቆጣሪው የሚያየው 200 የተጠቀመ አንድ ባለጸጋ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን 3500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ የሚጥድ ቤተሰብ ሲጨመርበት፣ ከሁለት አምፖልና ከአንድ ቴሌቪዥን ያለፈ ነገር የሌላት የጓሮዋ ተከራይ ከፍ ባለው ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። የቆጣሪው ትክክለኛነት ለእርሷ ምንም አልጠቀማትም።

ሻጩ ራሱ ሚዛኑን የሚይዝበት ገበያ ውስጥ ሚዛኑን የሚያይ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1989 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ወጥቶ የኢነርጂ ባለሥልጣን ሲተካው፣ በዚያው ዓመት አሮጌው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽንም ኃይል የሚያመነጭና የሚያስተላልፍ፣ እንዲሁም ለደንበኛ የሚያከፋፍልና የሚሸጥ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1263 መሠረት ከነዳጁ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። መዋቅሩ በወረቀት ላይ ደኅና ነው። ቅሬታዬ፣ በተግባር ሲታይ ቁጥጥሩ ቆጣሪው ላይ ደርሶ የሚቆም መምሰሉ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የጋራ ሽቦ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ምሰሶ ላይ የወጣውም ሰው ብዙ ጊዜ ለየራሳቸው ዕድል ይተዋሉ።

ስለ ምሰሶው የምናገረው ከራሴ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋራጭ ድርጅት ስቀጠር፣ የደኅንነት ሥልጠና የተሰጠኝ ምሰሶ መውጣት ከጀመርሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ሥልጠናውም አንድ ሰዓት ያልሞላ ገለጻና የስም መቆጣጠሪያ ላይ ፊርማ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ መከላከያ ዕቃም እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የኔ ፊርማ ግን የአንቀጹን መፈጸም ሳይሆን የአለቃዬን ፋይል መሙላት ብቻ ያረጋግጥ ነበር። መስመር ተዘግቷል ሲባል ቴስተር ሳያስነኩ፣ መስመሩንም በሁለቱም በኩል ከመሬት ጋር ሳያገናኙ እጅ እንደማይሰደድ ያስተማረኝ አብሮኝ ይወጣ የነበረ አንድ አንጋፋ የመስመር ሠራተኛ ነው።

በሁለቱም በኩል የሚባልበት ምክንያት አለው። መብራት ጠፍቶ አንድ ባለሱቅ ጄኔሬተሩን ያለ መለዋወጫ ማብሪያ (ቤቱን ከውጭው መስመር ለይቶ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ) ከቤቱ መስመር ጋር ካገናኘ፣ 220 ቮልቱ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል። 15 ሺህ ቮልቱን ወደ ታች የሚያወርደው ትራንስፎርመር በተቃራኒው ሲገባበት ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከማከፋፈያ ጣቢያው የተዘጋ መስመር ላይ የሚሠራው ሰው የሚነካው ይህንን ነው። እርሱን የሚገድለው የሱቁ ጄኔሬተር እንጂ ጣቢያው አይደለም።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ይህ ግን የሚጠቅመው ሥራው በባለሙያ እጅ ካለፈ ነው። ሰኞ ዕለት ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ በር ላይ ጄኔሬተር ስላየሁ፣ ገብቼ እንዴት እንደሚያገናኘው ባለሱቁን ጠየቅሁት። ከባንኮኒው ሥር አንድ ገመድ አወጣ። ሁለቱም ጫፉ ስፒና ነው፤ አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። «ቆጣሪውን አጥፍቼ እኮ ነው የምሰካው» አለኝ፤ ከዚያ ጥቂት አሰብ አደረገና «ካልረሳሁ» ብሎ ጨመረበት። ገመዱን በሃምሳ ብር ገዝቼው ሁለቱንም ስፒናዎች ቆርጬ ጣልኋቸው፤ ለመለዋወጫ ማብሪያው ደግሞ ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል።