የአክስቴ ጡረታ፣ ኪራይና እቁብ

አንድ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው ማሳየትና በምን እንደሚኖር ማሳየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው፣ የአክስቴን የቪዛ ሰነድ ሳሰናዳ በከረምኩባቸው ሳምንታት ከአእምሮዬ አልጠፋም። አክስቴ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ፍራንክፈርት ያለችው ልጃቸው በቅርቡ ትወልዳለች፤ ሴት መሆኗ ስለታወቀ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ይሆናል፤ እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ክርስትናውን አይተው መመለስ ይፈልጋሉ።

የሚኖሩት በሦስት ነገር ነው፤ በጡረታ፣ በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ኪራይና በእቁብ። ጡረታው በየወሩ ባንክ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል። ኪራዩ ቀድሞ በእጅ ይከፈል ነበር፤ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በወረዳው ከተመዘገበ ወዲህ ግን በባንክ ስለሚገባ፣ ማኅተም ያለበት ውልና በየወሩ የሚታይ ገቢ አንድ ላይ ሆነው ዋናው ማስረጃችን ሆኑ። ትልቁ ገንዘባቸው ያለው ግን እቁብ ውስጥ ነው። ዕጣ ሲወጣላቸው የቤቱን ቆርቆሮ ያስቀይሩበታል ወይም የዘመድ ሠርግ ይደግሱበታል እንጂ ባንክ አያሳድሩትም። የሂሳብ መግለጫውን ብቻ የሚያይ ሰው እኒህን የማንንም እጅ የማያዩ ሴት ችግረኛ አድርጎ ቢገምታቸው አይፈረድበትም።

ከዘመዶቻችን አንዱ፣ በቅን ልቡ፣ «ብሩን እኔ አስገባላቸዋለሁ፤ ቪዛው ሲመታላቸው ይመልሱልኛል» አለ። ይህ በከተማችን የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚያደርጉትንም ሰዎች ክፉ አልላቸውም። ሆኖም አጥብቄ ተቃወምኩ። የሚጠየቀው ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንቅስቃሴ ነው፤ ለወራት በትንሽ በትንሹ ሲገባና ሲወጣ በኖረ ሂሳብ ላይ፣ ከማመልከቻው ጥቂት ቀናት በፊት ምንጩ ያልታወቀ ትልቅ ገንዘብ ሲያርፍበት፣ መርማሪው የሚያየው ሀብት ሳይሆን ብድር ነው። እውነተኛ የሆነውን ጡረታና ኪራይ ሳይቀር ያስጠረጥራል። አክስቴም ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጉት፤ «የማላውቀው ብር ከየት መጣ ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ሕጉን ሳነብ ያገኘሁት ነገር ልቤን አሳርፎታል። ጀርመንን ጨምሮ በጋራ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም የሸንገን አገሮች፣ የሚሠሩበት የቪዛ ኮድ፣ ማለትም ደንብ ቁጥር 810/2009፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ወጥ የገንዘብ ልክ አይቆርጥም፤ የመተዳደሪያ አቅም የሚመዘነው ከቆይታው ርዝመትና ዓላማ ጋር ነው፤ የጋባዡ የድጋፍ ሰነድና የሚያርፉበት የግል ቤትም እንደ ማስረጃ ሊያዙ ይችላሉ። በጀርመን ደግሞ ጋባዡ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶ፣ የእንግዳውን ወጪ በሕግ የሚወስድበት የግዴታ ሰነድ አለ። እንግዳው በመንግሥት ገንዘብ ቢታከም ወይም ቢረዳ ወጪውን የሚመልሰው ፈራሚው ሲሆን፣ የኃላፊነቱ ዘመን እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰነድ እርጉዝ ሆና ተሰልፋ ፈርማለች። እናት ልጇን ለማየት ልጇ ዋስ መሆን ማስፈለጉ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም ከተበደረ ብር ሺህ ጊዜ የሚሻል መንገድ ነው።

ሰነዱ ግን ሁሉንም አይፈታም። ቪዛ ሲከለከል በሚሰጠው የእምቢታ ወረቀት ላይ የአቅም ማነስና የመመለስ ፍላጎት ጥርጣሬ ለየብቻ የተቀመጡ ምክንያቶች ናቸው፤ የልጅ ደመወዝ የመጀመሪያውን ቢሸፍን ሁለተኛውን አይነካውም። ስለዚህ አክስቴ አዲስ አበባ ላይ በምን እንደታሰሩ ማሳየት ነበረብን። የቤቱ ካርታ፣ የጡረታ ደብተሩና የኪራይ ውሉ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። እኔ የጨመርኩት የእቁቡን ወረቀት ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው ፈርመውበት፣ ስታዲየም አካባቢ አስተርጉሜዋለሁ። ዕጣ አንሥተው ገና የሚከፍሉት የቀራቸው ሰው፣ ለዚያውም በዋስ የተያዙ፣ ተመልሰው ለመምጣት ምን ያህል ምክንያት እንዳላቸው እዚህ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቀው ግን በአንድ አንቀጽ አስረዳሁት።

በጣም ያስከፋኝ የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የአክስቴ ጡረታ በብር አልተቀነሰም፤ ወደ ዩሮ ሲመነዘር ግን የአርባ ዓመት የማስተማር ድካም በግማሽ ያነሰ ይመስላል። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ገቢውን በብር ብቻ የጻፍኩት፣ የወር ወጪያቸውንም ከጎኑ ያሰፈርኩት ለዚህ ነው፤ የሚኖሩት በብር ነውና።

የቀረው የጊዜ ስሌት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ክፍያውም ከሰኔ 2016 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል። አክስቴ ከወሊዱ እስከ ክርስትናው ለመቆየት የሚፈቀደውን 90 ቀን ሙሉ ሊጠይቁ አስበው ነበር። ቆይታው በረዘመ ቁጥር የሚጠየቀው አቅምም እንደሚጨምር ስነግራቸው፣ ከልጃቸው ጋር በስልክ ተመካክረው፣ የመጀመሪያውን ወር ባሏ ፈቃድ ወስዶ እንዲያርሳት፣ እሳቸው ደግሞ ሕፃኗ አንድ ወር ሲሞላት እንዲሄዱ ተስማሙ። የምንጠይቀው 60 ቀን ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ስላለበት፣ በእነዚሁ 60 ቀናት ልክ ነገ አወጣላቸዋለሁ።