አንደርቴከር ሚስቱን የሳመ ቀን

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ስጎረጉር የሬስሊንጉ ታጋይ አንደርቴከር ብቅ አለ። ያ ወደ ሪንግ ሲመጣ የሚሰማው ደወል ሲደወል፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰውነቴን ወረረኝ።

ልጅ እያለን ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን ሬስሊንግ እናይ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ እሱ ሲመጣ ሁሉም ጸጥ ይላል። እኔማ ከፊቴ ካለው ልጅ ጀርባ እደበቃለሁ። አንድ ቀን እራት ላይ ታላቅ ወንድሜ፣ «አንተ ጅል፣ ተነጋግረው እኮ ነው የሚደባደቡት» አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ልክ ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይወሰናል። ግን በፈረንጆቹ ሰኔ 1998 ፒትስበርግ ላይ የሆነውን ምን ሊለው ነው? የአንደርቴከር ተጋጣሚ ማንካይንድ፣ ማለትም ሚክ ፎሊ፣ ሪንጉን ከከበበው የብረት አጥር አናት ተወርውሮ አምስት ሜትር ያህል ቁልቁል ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ይሄ የታሰበበት ነው። ከቃሬዛ ላይ ተነስቶ እንደገና ወጣ። አንደርቴከር የአጥሩ ጣሪያ ላይ አንስቶ ሲያፈርጠው ግን ሽቦው ከዳ፤ ሰውየው ሪንጉ ውስጥ ወደቀ። ይሄን ማንም አላሰበውም። አብሮ የወደቀው ወንበር ፊቱን መታው፤ የጥርሱ ስባሪ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

አንደርቴከር ራሱ የተጎዳ እግር ይዞ ነው እዚያ የወጣው። ፎሊ ሞተ ብሎ ደንግጦ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። በቀዳዳው ቁልቁል ያያል፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። የሞተ ሰው ነዋ የሚጫወተው፤ እንዴት ይደንግጥ?

ትክክለኛ ስሙ ማርክ ካላዌይ ነው። ለዓመታት ከሪንግ ውጭም ያንን ገጸ ባሕርይ አላወለቀም። መልበሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ነበር፤ ጥፋተኛ ታጋይ እሱ ፊት ቀርቦ ይዳኝ ነበር። (ያ ወደ ሪንግ የሚያጅበው፣ ፊቱ የነጣው ወፍራም ሰውዬ ፖል ቤረርስ? በእውነተኛ ሕይወቱ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ይሄን ያኔ ባውቅ ቪዲዮ ቤቱን አልረግጥም ነበር።)

በ2014 በታጋዩ ብሮክ ሌስናር ሲሸነፍ፣ በየዓመቱ በሚካሄደው ትልቁ የሬስሊንግ ዝግጅት በሬስልማኒያ 21 ጊዜ ያለ ሽንፈት የሄደው ጉዞው አበቃ። ያን ቀን ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለነበር ግጥሚያውን አያስታውሰውም። እኛ አልረሳነው፣ እሱ ረስቶታል።

በ2017 ኦርላንዶ ላይ ጓንቱን፣ ካፖርቱንና ባርኔጣውን ሪንጉ መሃል ትቶ ወረደ። ወርዶም የተመልካቾቹ አጥር ጋ የቆመችውን ሚስቱን ሳማት። እዚያ ላይ ቢያቆም እንዴት ያምር ነበር! ግን ተመልሶ መጣ። የኋለኞቹን አንዳንድ ግጥሚያዎች ባላይ ይሻለኝ ነበር። የተሰናበተው በኅዳር 2020፣ በጀመረ በ30 ዓመቱ ነው።

ሚስቱን የሳመባትን ቪዲዮ ለወንድሜ ላክሁለት። «ይሄም ተነጋግረው ነው?» አልኩት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። «ተኛ» ብሎ መለሰልኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «የፒትስበርጉንም ላክልኝ» አለ።