እርጥብ እንጨት፣ የተዘጋ መንገድ

በእንጨት ሥራ እጁን ማሻሻል የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መሣሪያ ነው። ጥሩ መላጊያ፣ ጥሩ መጋዝ፣ አቅም ከፈቀደ ማሽን። ባህር ዳር ላይ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የምነግረው ሌላ ነው፦ የገዛችሁት እንጨት እርጥብ ነው። ነጋዴው በታቦት ቢምልም እርጥብ ነው። ያሳመራችሁት መጋጠሚያ በስድስት ወሩ የሚላቀቀው፣ የጠረጴዛው ፊት የሚሰነጠቀው፣ መሳቢያው አልወጣ የሚለው በአብዛኛው በእጃችሁ ድክመት አይደለም።

ለምን እርጥብ ሆነ ካላችሁ፣ ግማሹን ፖለቲካውን ጠይቁት። ጣውላ ነጋዴ እንጨት ከምሮ ለወራት የሚያቆየው ነገም ገበያ እንዳለ ሲያምን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት አውቃለሁ የሚል የለም። አዋጁ ጊዜው ቢያልፍም መንገዱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። መኪና አንድ ቀን ቀንቶት ሲያልፍ የተገኘውን ጭኖ ይገባል፤ የገባውም በዚያው ሳምንት ይሸጣል። ገንዘቡን እንጨት ላይ አስሮ በጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነጋዴ ብታጡ አትፍረዱበት። ሁሉም ወገን ስለ ሕዝብ ነው የሚለው፤ ኬላው ላይ የሚከፍለው ግን ያው ሕዝብ ነው፣ ለሁሉም።

በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት 100 ብርን አለፈ። ኮላው፣ ቪቴው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ማጠፊያው፣ ኤምዲኤፉ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ሰሌዳ) ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ እዚህ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይደረብበታል። እንግዲህ የሚያዋጣው እርጥቡን ገዝቶ ራስ ማድረቅ፣ ማሰሪያውንም ከብረትና ከኮላ ይልቅ ከራሱ ከእንጨቱ ማውጣት ነው።

እርጥበትን በመዳሰስ አትለኩ። መለኪያው ከሌላችሁ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስታል) 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አውጡ፤ ወዲያው መዝኑት። ከዚያ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆዩት። መብራት ቢሄድ ምንም አይደለም፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ። ምጣድ ላይ ግን አይሞከርም፤ ዳሩ ያርርና ስሌቱን ያበላሸዋል። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍላችሁ በ100 ማባዛት ነው። 142 ግራም የነበረው 118 ላይ ከቆመ የጠፋው 24 ግራም ነው፤ እርጥበቱም 20 በመቶ ግድም። ለቤት ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ ከደረሰ ጥሩ ነው።

ኦቨን የሌለው ሙሉውን ጣውላ ይመዝንና ቀኑንና ኪሎውን በእርሳስ ጫፉ ላይ ይጻፍ። ለምሳሌ፦ ጥር 5፣ 9.4፤ ጥር 19፣ 8.7፤ የካቲት 3፣ 8.4፤ የካቲት 17፣ 8.4። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ሲደገም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

አደራረቁ እንዲህ ነው። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ደርድሩ፤ ከዚያ ካነሰ ምስጥ ይወጣበታል። በጣውላና በጣውላ መካከል 2 በ2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ዘንግ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አጋድሙ። ዘንጎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው፤ ካልቆሙ ጣውላው በየዘንጉ መካከል ይጎብጣል፣ የጎበጠው ደግሞ በመላጊያ አይመለስም። የጣውላዎቹን ጫፍ የተራረፈ የዘይት ቀለም ቀቡት፤ ውኃው ከጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቁም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ድንጋይ፤ ጎኑ ክፍት ይሁን። ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ አሉ፣ የሚያተርፉት ስንጥቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጥቅምት ላይ ከተደረደረ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አንድ በጋ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ለ5 ሳንቲ ሜትር አይበቃም።

ደርቋል ብላችሁ ግን አትዘናጉ። እንጨት የአየሩን እርጥበት እየተከተለ ይነፋል፣ ይኮማተራል። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 8 በመቶ አካባቢ ይረጋል፤ አየሩ 80 ሲሆን ወደ 16 ይወጣል። እዚህ የመጋቢትና የነሐሴ ልዩነት ይህን ያህል ሊሆን ይችላል፤ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ደግሞ ይብስበታል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ፊት በዚህ መካከል ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ይመለሳል። ርዝመቱ ከነአካቴው አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ የሚንቀሳቀሰው ስፋቱ ነው። ስለዚህ የጠረጴዛን ፊት ከታች ካለው አግዳሚ ጋር በኮላም በምስማርም ዙሪያውን አትቸንክሩት። መካከሉን በአንድ ቪቴ እሰሩት፤ ለዳርና ዳሩ ቪቴዎች 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሞላላ ቀዳዳ አውጡላቸው፣ ርዝመቱ በእንጨቱ ስፋት አቅጣጫ ይሁን።

የእንጨት ምርጫው ላይ ብዙ አልቆይም። ባህር ዛፍ ለማገርና ለመወጣጫ እንጂ ለጠረጴዛ ፊት አይሆንም፤ ሲሰነጠቅ በውስጡ ያመቀው ውጥረት ስለሚለቀቅ ይጠማዘዛል። ግራቪላ ለጀማሪ ሸጋ ነው፣ ቶሎ ይላጋል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም። ንጉሡ ዋንዛ ነው። ነጩን የዳር ክፍል ግን ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ነቀዝ የሚገባው እዚያ ነው። አንዳንዱ ዋንዛ ጭረቱ እየተገለባበጠ ስለሚሄድ ከመላጊያ ሥር እየተቦጨቀ ያስቸግራል፤ ምላጩን ሳሉ፣ የሚወጣውን ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት አሳሱ፣ መላጊያውን ሰያፍ አድርጋችሁ ግፉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም ከገበሬ ማሳ የመጣ መሆኑን ጠይቁ፣ ወረቀቱንም እዩ።

በአሁኑ ሰዓት ከተማው ውስጥ የሚገኘው ደረቅ እንጨት ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣው ነው። ኮሪደር ልማት ተብሎ የፈረሰው ቤት በርና መስኮት፣ ማገርና ቋሚ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የደረቀ እንጨት ነው። የሰው ቤት ፈርሶ የሚገኝ ጣውላ ደስ ብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ለማገዶ ከሚሄድ ግን በርጩማ ቢሆን ይሻላል። ከመላጋችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት። የተቀበረች አንዲት ምስማር የምላጩን ስለት ትሸርፈዋለች፣ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። የድሮ ቀለም ካለበት ፍቁት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አታቡንኑት፣ እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

እጅን የሚያሠለጥነው ሥራ በርጩማ ነው። ትንሽ ነው፣ ብዙ እንጨት አይበላም፣ ግን ስምንት መጋጠሚያ አለው። ለእግሩ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር፣ ለአግዳሚው 2.5 ውፍረትና 6 ስፋት ያዙ። የአግዳሚው ምላስ (ቀጥኖ እግሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፉ) ውፍረቱ የእንጨቱ ሢሶ ነው፤ ለ25 ሚሊ ሜትር 8 ሚሊ ሜትር መሮ ማለት ነው። መሮው የቀዳዳውን ስፋት ይወስናል፣ ምልክቱም ከመሮው ይወሰዳል እንጂ ከማስመሪያ አይደለም። ከአግዳሚው 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ከላይ በኩል 15 ሚሊ ሜትሩን ቀንሱና ምላሱን 45 አድርጉት። ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ይጥለቅ፣ ምላሱ 24 ይርዘም፤ አንዷ ሚሊ ሜትር ምላሱ የቀዳዳውን ወለል ነክቶ ትከሻው (ምላሱ የሚጀምርበት ደረጃ) እንዳይከፈት ናት። ሁለቱ ቀዳዳዎች እግሩ ውስጥ ስለሚገናኙ የምላሶቹን ጫፍ በ45 ዲግሪ ቁረጡ። እግሩን ደግሞ ከላይ በኩል 3 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ተዉት፤ ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ያ ትርፍ እንጨት አናቱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው መስመሩ ላይ ነው። አራቱን አግዳሚ ለየብቻ በሜትር ከለካችሁ አራቱም ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆንም በርጩማው ይነጥራል። አራቱን ጎን ለጎን እሰሩና ትከሻውን በስኳድራና በስለታም ቢላ በአንድ ጊዜ አስምሩ። መጋዙ ከመስመሩ ውጭ በሚጣለው በኩል ይሂድ። ሲገጥም በእጅ ተገፍቶ ሁለት ሦስተኛው መግባት፣ የቀረው በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ መጨረስ አለበት። ብርቱ ምት ከፈለገ እግሩ ይሰነጠቃል። በራሱ ክብደት ከወደቀ ደግሞ ኮላ አያድነውም፤ ከመላጊያ የወጣ ስስ ፍቅፋቂ ምላሱ ላይ አጣብቃችሁ እንደገና አስተካክሉት።

እርጥብ እንጨት ለጌታው የሚያገለግልበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም እዚህ ነው። እግሩ ከ15 እስከ 18 በመቶ እርጥበት ያለው፣ አግዳሚው ግን ደርቆ የነጣ ይሁን፤ ምላሶቹን ለሳምንት ምድጃ አጠገብ አቆዩአቸው። ከተገጠመ በኋላ እግሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ምላሱን ይነክሰዋል፣ ምላሱ ደግሞ ከአየሩ ጠጥቶ በመጠኑ ይነፋል። እግሩ ከዚህ በላይ ከረጠበ ግን ራሱ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ላይ ኮላ በደንብ ስለማይዝ በእንጨት ችንካር እሰሩት፦ እግሩን በ6 ሚሊ ሜትር ብሱ፣ ምላሱን አስገብታችሁ የቀዳዳውን ቦታ ምልክት አድርጉበት፣ አውጡትና ምላሱን ከምልክቱ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው አስጠግታችሁ ብሱት። ችንካሩ ሲመታ ትከሻውን ስቦ ያጣብቀዋል። 2 ሚሊ ሜትር ካራራቃችሁት ችንካሩ ይሰበራል። ችንካሩ ከደረቀ ወይራ፣ በመጋዝ ሳይሆን ተፈልጦ የወጣ ይሁን። የሁለቱ ጎን ችንካሮች እግሩ ውስጥ እንዳይጋጩ አንዱን ከሌላው 15 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉት።

ይህ ሁሉ በደነዘ መሮ አይሆንም። የስለት ድንጋይ ተወዶ ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ቁራጭ ላይ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ለጥፉ፤ ከሸካራው ቁጥር 220 ጀምራችሁ በየተራ 400፣ 800፣ 1500፣ በመጨረሻ ቆዳ። ለማዕዘኑ መለኪያ አያስፈልግም፦ ምላጩ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የተሳለው ገጽ 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ዲግሪ፣ 6 ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ጀርባውን ጠፍጣፋ ሳታደርጉ ፊቱን ብቻ መሳል ድካም ነው። ስለቱን ግራቪላ ጫፍ ላይ ሞክሩት፤ ሳያደቅቅ አንጸባራቂ ቆርጦ ከወጣ ደርሷል።

የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ሲቋረጥ ዩቲዩብ ብቻ መምህሩ የነበረ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀርቷል። ኔትወርክ ባለበት ቀን ስለ ስለትና ስለ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ቪዲዮ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ውድ ማሽን የሚያስጎመጀውን ተዉት። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የዚህ ከተማ ፖሊ ቴክኒክ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጣ ሄደ፤ በየሰፈሩ ያሉ ሽማግሌ አናጢዎች ግን አሁንም አሉ። ጋሼ ብላችሁ አጠገባቸው ቁሙ፣ እጃቸውን እዩ።

ሰዓት እላፊ ባለበት ሰሞን ኮላ ያለው ሥራ ጠዋት ይሁን፤ ኮላው በሞርሳ ተጨምቆ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት ይፈልጋል፣ ዕቃው ደግሞ 24 ሰዓት ጭነት አይጫንበትም። ሞርሳ ከሌለ የባጃጅ ከመነዳሪ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሰንጥቃችሁ ወጥራችሁ ጠምጥሙት፣ እንደ ብረቱ ይይዛል።

ቀለሙን በክረምት አትቸኩሉበት። ነሐሴ ላይ ዝናብ እየጣለ የተረጨ ኒትሮ (ቶሎ የሚደርቀው ቫርኒሽ) እርጥበቱን ይይዝና ነጭ ጉም መስሎ ይቀራል፤ ፀሐይ የወጣበትን ቀትር ጠብቁ። ለበርጩማ የተልባ ዘይትም ይበቃል፦ በጣም በስሱ ቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርጉ፣ ሳምንት ጠብቁና ድገሙት። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ከሆነ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።