ሃይድሮጅን ላወጣ ገብቼ ከኦክስጅን ጋር ስታገል

ውሃን በፀሐይ ኃይል ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት ሲባል የሁሉም ዓይን ሃይድሮጅኑ የሚወጣበት የኤሌክትሪክ ዘንግ፣ ካቶዱ፣ ላይ ነው። ጉልበቱን የሚጨርሰው ግን ኦክስጅኑ የሚወጣበት ሌላኛው ዘንግ፣ አኖዱ፣ ነው። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል እስኪወጣ አራት ኤሌክትሮኖች መነሳት ስላለባቸው ነገሩ እዚያ ይንቀረፈፋል።

በቀመሩ መሠረት ውሃን ለመክፈል 1.23 ቮልት ይበቃል፤ በተግባር ግን ከዚያ በደንብ ከፍ ይላል። አንድ የሲሊከን ሶላር ሴል ሥራ ላይ ሆኖ 0.5 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ አራት ሴሎችን በተከታታይ አያያዝኩ። ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያስተላልፍ በተጣራ ውሃ ውስጥ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጠንካራ አልካሊ ቀስ እያልኩ አሟሟሁ። ሲሟሟ ይግላል፣ ቆዳም ይልጣል፤ ያለ ጓንትና መነጽር አይነካም።

ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ብረቶች፣ ፕላቲነምና ኢሪዲየም፣ ዋጋቸው አይቀመስም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ጎን የኒኬል ወንፊት ተጠቀምኩ። አኖዱን መጀመሪያ የብረት ጨው በሟሟበት ውሃ ነከር አድርጌ ዝገት የመሰለ ቡናማ ሽፋን አስያዝኩት። ሴሎቹ ያው፣ ፀሐይዋም ያችው፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚለካው አሜትር ግን ወዲያው ከፍ አለ። በነገራችን ላይ፣ ኒኬል ብቻውን ሲመሰገንበት ከኖረው ሥራ ብዙው የብረት ነበር፤ አልካሊው ውስጥ በቆሻሻነት የሚገኝ ጥቂት ብረት ሳይታወቅ እየተለጠፈበት።

ካቶዱ ላይ አረፋው ደቃቅ ሆኖ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ አኖዱ ላይ ግን ተለቅ ተለቅ ብሎ ወንፊቱን ሙጭጭ ይላል። አረፋ የያዘው ቦታ ደግሞ አይሠራም። ወንፊቱን አቁሜ ሳስቀምጠው አረፋው ቶሎ ቶሎ ለቀቀ። ጋዙን በተደፉ ቱቦዎች ስለካ ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅኑ እጥፍ መሆን ነበረበት፤ መጀመሪያ ላይ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ከፊሉ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር።

ርካሽ ነው ብሎ በአልካሊው ፋንታ የገበታ ጨው መጨመር አይሞከርም፤ አኖዱ ላይ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የማይዝግ ብረትም አኖድ ሆኖ ይሠራል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሮሚየም ወደ መርዛማ ዓይነቱ ተለውጦ ሊሟሟ ስለሚችል ተውኩት።

ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቀው ደመና ሲመጣ ነው። የጋዙ ምርት ይቀንሳል፤ ሁለቱን ጎኖች በሚለየው መጋረጃ አልፎ ወደ ኦክስጅኑ ጎን የሚሾልከው ሃይድሮጅን ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ ድርሻው ያድጋል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ከተቀላቀለ ይቀጣጠላል። አሜትሩ ዝቅ ሲል ሽቦውን እነቅልና ሁለቱንም ቱቦዎች ደጅ አስተነፍሳለሁ።