መብራት ሲመጣ የሚረሳው ሰርቨር

ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተደወለልኝ። «ልጄ፣ ያ ነገርህ አልከፍት አለ» አሉኝ ጋሼ።

ያ ነገር የሚሉት ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ራዝቤሪ ፓይ ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ ኮምፒውተር ነው፤ ሰርቨር ሆኖ ዊኪፒዲያንና የድሮ ማትሪክ ጥያቄዎችን ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎች ያቀርባል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ የሰኔ ዝናብ ሲመጣ መብራት ቶሎ ይሄዳል። አምና እየጻፈ ሳለ መብራት ሄዶበት ሚሞሪ ካርዱ ሁለቴ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ኦቨርሌይ የሚባለውን መከለያ አብርቼ ሲስተሙን የሚነበብ ብቻ አደረግኩት። አዲስ የሚጻፈው ሁሉ መብራት ሲጠፋ የያዘውን የሚረሳው ራም ላይ ያርፋል፣ ካርዱ አይነካም።

ትናንት ራውተሩ ተቀየረ። አዲሱ የሚያድለው አድራሻ በ192.168.0 ይጀምራል፤ ሰርቨሩ ግን 192.168.1.10 ላይ ስለነበር ከተማሪዎቹ ስልክ ጋር አልተገናኘም። ኔትወርክ ማናጀር የሚባለው የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ 192.168.0.10 አደረግኩት። ወዲያው ሠራ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ማታ መብራት ሄደ።

ስደርስ ሰርቨሩ በርቷል፣ አድራሻው ግን የድሮው ነው። ጋሼ የፊዚክስ መጽሐፍ ይዘዋል። መጽሐፎቹን ሁሉ ላስቲክ የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው። አንዱ ተማሪ ላስቲኩ ላይ በእስክርቢቶ ስሙን ጽፎበታል። አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ጠረግ ሲያደርጉት ጠፋ። ሽፋኑ እንዳለ ነው። የኔም አድራሻ ላስቲኩ ላይ ነበር የተጻፈው።

ኦቨርሌዩን አጥፍቼ ሪስታርት አደረግኩ። አድራሻውን ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ኦቨርሌዩን መልሼ አብርቼ እንደገና ሪስታርት። በዚያ መሃል ካርዱ ራቁቱን ነው፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ለእያንዳንዷ ለውጥ እንዲህ መሆን የለበትም። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ካርዱ ላይ ለኔትወርክ ፋይሎቹ ብቻ የሚጻፍበት ትንሽ ክፍል እለይላቸዋለሁ። ሌላው እንደተቆለፈ ይቆያል። ይህን አምናውኑ ማሰብ ነበረብኝ፤ ፈተና የደረሰባቸው ልጆች ናቸው ግማሽ ቀን የቆሙት።

ሳልሄድ ሶኬቱን ራሴ ነቀልኩት። ጋሼ ደንገጥ አሉ። «ቆይ ጋሼ፣ ልየው ብዬ ነው።» መልሼ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል ቆየች። በሩ አጠገብ ስልኳን ይዛ የቆመች የ12ኛ ክፍል ተማሪ አድራሻውን ጻፈች።

«ገባልኝ» አለች።